መልስ፦ ግራኝነትና ሒሳብ ምን አገናኛቸው?

ወንድሜ፣ «ግራኝ ነኝ፤ ሒሳብ የማይገባኝ ቀኝ አንጎሌ ስለሚያይል ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም። ግራ እጅህን በዋናነት የሚያዘው ቀኙ የአንጎልህ ክፍል መሆኑ እውነት ነው። «ቀኙ የሚያይልበት አርቲስት፣ ግራው የሚያይልበት ሒሳበኛ» የሚባለው ግን የፌስቡክ ወሬ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ግን አለ። ጎልቶ የሚታየው ንግግር ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን፣ ታን» ከማለት በቀር መናገር ያቃተው አንድ ሕመምተኛ ሲሞትበት አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱን ያገኘው በግራ በኩል፣ ከፊት ነው። ከግራኞች እንኳ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ንግግራቸው የሚመራው ከግራ ነው። አንተም ከነሱ አንዱ ሳትሆን አትቀርም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የአሜሪካውያኑ የአንጎል ተመራማሪዎች የሮጀር ስፔሪና የማይክል ጋዛኒጋ ሙከራ ነው። ለከባድ የሚጥል በሽታ ሲባል ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ የተቆረጠባቸው ሰዎች ነበሩ። ሰውየው መሃል ላይ አፍጥጦ ሳለ በስተግራው አንድ ቃል ብልጭ ይደረግለታል፤ «ቁልፍ» እንበል። ያ የሚደርሰው ለቀኙ የአንጎል ክፍል ብቻ ነው። ምን አየህ ሲሉት፣ ንግግሩን የሚመራው ግራው ስላላየው «ኧረ ምንም!» ይላል። ግራ እጁ ግን ከመጋረጃው ሥር ዕቃዎቹን ዳብሶ ቁልፉን ያነሳል። ስፔሪ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸልሟል።

ያንተ ድልድይ ደህና ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲያወሩ ነው የሚውሉት፤ ሒሳብም ሁለቱንም ያሠራል። ይልቅ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተቸገርክ ጻፍልንና እንየው።