አንድ ጠመንጃ ብቻ መግዛት ለምትፈልጉ ወጣቶች

በቅርቡ አንድ ዴንቨር የሚኖር ወጣት የአደን ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን እንደ ተቀበለ፣ «ጋሼ፣ ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ የምተኩስበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን የማድንበት አንድ ካሊበር (የጥይት ዓይነትና ስፋት) ይምረጡልኝ» ሲል ጠየቀኝ። በአንድ ቃል ልመልስለት እችል ነበር፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በፊት ባሌ ውስጥ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ ቸልታ እንዳይቆጥርብኝ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ሌሎች ልጆቼም እንድታነቡት፣ መልሴን በጽሑፍ ማድረግን መረጥሁ።

ጡረታ ወጥቼ ልጆቼ ወደሚኖሩበት ወደ ኮሎራዶ ከመምጣቴ በፊት መተዳደሪያዬ ከውጭ አገር ለሚመጡ አዳኞች መሪ ሆኖ መሥራት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውጭ፣ መንግሥት ኮታ እየመደበ አደን በሚፈቅድባቸው ቦታዎች ሲሆን፣ እንግዶቹ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ለደጋ አጋዘን ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ሳይንሳዊ ስም ሰጥተው ያሳወቁትም ዘግይተው፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ የሚውለውም ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የኮሶና የአስታ ጫካ ውስጥ ነው። እናንተ በሮኪ ተራሮች የምትፈልጉት ኤልክም በክብደቱ ከእርሱ ብዙ አይርቅም፤ የሚገኘውም በተቀራራቢ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበትና ብርዱ በሚጸናበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከደጋ አጋዘን የተማርሁት ለኤልክም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዓመት የመራሁት እንግዳ .300 ዊንቸስተር ማግነም የተባለ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር የመጣው። ጨዋ ሰው ነበር፤ የካምፑን ሠራተኞች ሁሉ በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይሰጣል፣ ስለ አካባቢው አእዋፍ ሲጠይቅም ይውላል። እንደ ደንባችን ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት 100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቅለን አስተኮስነው። የመጀመሪያው አረር መሐሉ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ሦስተኛው ከዚያም የባሰ ነበር። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ የሰውየውን ፊት እመለከት ነበርና፣ ምላጩን ከመሳቡ ቀደም ብሎ ዐይኑን ሲጨፍንና ትከሻውን ሲሰበስብ አየሁት። በማነጣጠሪያ መነጽሩም ሆነ በጠመንጃው ላይ አንድም እንከን አልነበረም፤ ሰውየው ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻውን የሚመታበትን ርግጫ ፈርቶ ነበር።

በካምፑ ውስጥ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር የተባለውን ጥይት የምትተኩስ፣ ርግጫዋ ቀላል የሆነ አሮጌ ጠመንጃ ነበረችን። እርሷን አምጥቼ በአክብሮት፣ ነገ በዚህች ቢሞክሩ ይሻላል አልሁት። ተቀብሎ አገላበጣትና ለእንዲህ ያለ ትልቅ እንስሳ ታንሳለች ብሎ መለሰልኝ። ጠመንጃውን የሚመርጠው የሚተኩሰው ሰው ነውና ከዚያ በላይ ግድ ልለው የምችልበት ሥልጣን አልነበረኝም።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር ለረጅም ሰዓት ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ፀሐይ ስትወጣና ጉሙ ሲከፈት አንድ ትልቅ ወንድ ከአስታው ዳር ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ርቀቱ ከ200 ሜትር ያነሰ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ እንስሳውም አላየንም፤ አንድ አዳኝ ከዚያ የተሻለ ዕድል ሊመኝ አይችልም። ተኮሰ። በሥራችን የኖርን ሰዎች አረሩ የት እንዳረፈ በድምፁና በእንስሳው አኳኋን እናውቃለን፤ ሳንባውን የተመታ ወደፊት ይፈተለካል፣ ሆዱን የተመታ ግን ጀርባውን አጉብጦ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ይኸኛው ጀርባውን አጎበጠ። ሁለተኛው ጥይት በላዩ አለፈ፤ እንስሳውም አስታው ውስጥ ገባ።

የሆድ ምት ሲሆን ወዲያው መከተል አይገባም፤ እንስሳው እንዲተኛ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ጠብቀን ስንነሣ ዱካ ተከታያችን፣ በዚያው ቀበሌ ተወልዶ ያደገ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ቅጠል ላይ የቀረውን ጠብታ በጣቱ ነክቶ አሳየኝ፤ ደም ብቻ ሳይሆን ከጨጓራ የወጣ ሣርም ነበረበት። ጉሙ ተመልሶ ወረደብን። ኮቴው ከሌሎች ኮቴዎች ጋር እየተቀላቀለ፣ ቁልቁለቱም እየበረታ፣ እስኪጨልም ድረስ ፈለግን። በማግስቱ ስናገኘው ጅብ ቀድሞን ነበር። ለወትሮው ስለ እንግዶች አንድም ቃል የማይተነፍሰው ያ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትንሿን ጠመንጃ ለምን አልያዘም?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። የቆሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ስለሚቆጠር ፈቃዱ እዚያው አለቀ፤ እንግዳውም አንገቱን ደፍቶ ቀንዱን ይዞ ሄደ። ቁጥሩ ከተመናመነ ዘር አንድ ኮርማ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የካሊበር ጥያቄ በሰማሁ ቁጥርም የሚታየኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚኖረው ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ትከሻው ምን ያህሉን ሳይፈራ ይችላል የሚል ነው። ክብደታቸው እኩል በሆኑ ጠመንጃዎች ሲተኮስ የ.300 ማግነም ርግጫ ከ.308 ዊንቸስተር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ኢላማ መተኮስ ማለት ደግሞ በአንድ ከሰዓት ብዙ ጥይት ማቃጠል ነው፤ ትከሻችሁን የሚያሳምም ጠመንጃ በልምምዱ ብዛት መፍራትን ያስለምዳችኋል። ለልምምድም ለአደንም በአንድ ጠመንጃ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው።

ለወጣቱ የምሰጠው መልስ .308 ዊንቸስተር ነው። ይህ ጥይት በ1952 እ.ኤ.አ. ለአዳኞች ገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በመጠን ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው 7.62 በ51 ሚሊ ሜትር ከሁለት ዓመት በኋላ የኔቶ መደበኛ ጥይት ሆኗል፤ በዚህም ምክንያት ጥይቱ በትንሽ ከተማ ሱቅ እንኳ አይጠፋም፤ ለኢላማ የተሠራውም ለአደን የተሠራውም በየዓይነቱ ይገኛል። 165 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝነው አረር ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። ኮሎራዶ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 85 ግሬን ክብደት ያለው፣ እንስሳው ውስጥ ሲገባ የሚከፈት አረር፣ በ100 ያርድ ላይም 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ትጠይቃለች፤ .308 በዚያ ርቀት የዚህን እጥፍ ያህል ይዞ ይደርሳል። መነጽራችሁን በ200 ሜትር ካስተካከላችሁት 300 ሜትር ላይ ከአንድ ስንዝር ጥቂት አለፍ ብሎ ይወርዳል፤ ይህን በቃል መያዝ አይከብድም። በአንድ ነገር ብቻ አደራ እላችኋለሁ፦ ኢላማ ላይ ምቶቹ በጣም ተጠጋግተው የሚያርፉላችሁ የውድድር አረር ብዙውን ጊዜ ለመከፈት የተሠራ አይደለምና ወደ አደን ይዛችሁት አትውጡ። የአደኑን አረር ለብቻው ተኩሳችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ።

ስለ 6.5 ክሪድሞር እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ ከወጣት ጋር ስለ ጠመንጃ አውርቼ ይህን ስም ሳልሰማ የተለያየሁበት ጊዜ የለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ለኢላማ ውድድር ተብሎ የወጣ፣ ርግጫው ከ.308 የቀለለ፣ ነፋስም ብዙ የማይገፋው ጥሩ ጥይት ነው፤ ሰውነታችሁ ቀጠን ያለ ከሆነ ወይም ርግጫ የምትጠሉ ከሆነ እርሱን ብትመርጡ አልከራከራችሁም። በርሜሉ ግን በብዙ ተኩስ ከ.308 ቀድሞ ያልቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ በስልክ ላይ ባዩት ተንቀሳቃሽ ምስል ተነሥተው በ800 ሜትር እንስሳ ለመምታት የሚያስቡት ናቸው። አረሩ ያን ርቀት ለመጓዝ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኤልኩ አንድ እርምጃ ከተራመደ የሳንባው ምት የሆድ ምት ይሆናል። የዛሬ ልጆች ከእኛ የተሻለ ታሰላላችሁ፣ ከእኛ የተሻለ መሣሪያም አላችሁ፤ ተጎንብሶ መቅረብንና መጠበቅን ግን ብዙዎቻችሁ አልወደዳችሁትም።

በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣው .30-06 ስፕሪንግፊልድ ለከባድ አረር ከ.308 ጥቂት ይበልጣል፤ ከአባታችሁ ወይም ከወዳጅ የተሰጣችሁ ካላችሁ ሽጣችሁ ሌላ አትግዙ። .270 ዊንቸስተርም ድንቅ የአደን ጥይት ነው፤ የኢላማ አረር ምርጫው ግን ያንሳል። .223 ለልምምድ ርካሽ ቢሆንም በኮሎራዶ ሕግ ለኤልክም ለአጋዘንም አይፈቀድም።

ልቤን ብትጠይቁኝ ግን ራሴ የምይዘው ያቺኑ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች ጥይት ናት፤ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ በአፍሪካ አብዛኛዎቹን ዝሆኖቹን የጣለው በእርሷ ነበር፤ ይህንም ያደረገው የዝሆንን የራስ ቅል አቀማመጥ አጥንቶ አረሩን ከቦታው ስላሳረፈ ነው። ከላይ በሱቅ የሚገኘውን ግዙ ብዬ መክሬ አሁን በየሱቁ የማይገኘውን ማወደሴ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ይገባኛል፤ ሁለቱንም ግን አምንበታለሁ።

ብዙ ተኩሱ ያልሁትንም አባቴ ቢሰሙ አይስማሙበትም ነበር። 7.92 ሚሊ ሜትር የምትተኩስ ምንሽር ነበረቻቸው፤ በዝናራቸው ያለው ጥይት ጥቂት ስለነበር በከንቱ አንዲት አይተኩሱም። ማታ ማታ ጥይቱን አውጥተው፣ ባዶ መሆኗን ደጋግመው አይተው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለች ነጥብ እያነጣጠሩ ምላጩን ቀስ ብለው ይስቡ ነበር። የጥይት ዋጋ ለከበዳችሁ ሁሉ ይህ ልምምድ ዛሬም ይሠራል፤ ርግጫ የለውምና ዐይን የመጨፈንን ልማድም ያስቀራል።

ስለ ጥንቃቄ ደንቦች በአደን ትምህርቱ ተነግሯችኋልና አልደግመውም። ጠመንጃው ከነመነጽሩ ወደ 4 ኪሎ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በጣም የቀለለ ለተራራ ቢመችም ርግጫው ይከብዳል። ከገዛችሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ደግፋችሁ መተኮሱን ለማስተካከያ ብቻ ተዉት፤ ተቀምጣችሁና ተንበርክካችሁ፣ አቀበት ወጥታችሁ ልባችሁ እየመታ ተኩሱ። በዚያ ሁኔታ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ሳህን ሳትስቱ የምትመቱበት ርቀት የአደን ወሰናችሁ ነው፤ 150 ሜትርም ቢሆን ወሰናችሁ እርሱ ነው። ለዴንቨሩ ልጄ፦ .308ቱን ግዛ፤ የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ልትተኩስ ስትሄድ ደውልልኝና አብሬህ እሄዳለሁ፤ ወረቀቱን አንተ ትመለከታለህ፣ እኔ ዐይንህን እመለከታለሁ።