የቦርድ ወረቀቱ ጥፋትን አያስረዳም

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ዘጌ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክርኑ አጠገብ ስለተሰበረ፣ ባሕር ዳር በሚገኝ የግል ሕክምና ተቋም ጀሶ ታሰረለት። ሌሊቱን ሙሉ በሕመም ሲጮኽ አደረ፤ ማስታገሻ ተሰጠው እንጂ ሐኪም አላየውም። ጀሶው የተፈታው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ጣቶቹ ተኮራምተው ቀርተዋል። የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ጽፎልናል። ሌላ ሐኪም «በጊዜው ቢፈታ እጁ ይተርፍ ነበር» ቢለንም ሊጽፍልን አልፈለገም። ይህ ለክስ ይበቃል? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። የቦርዱ ወረቀት የካሣውን ልክ ለማስላት ይረዳል እንጂ ጥፋትን አያስረዳም፤ ብዙ ክስ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርገው የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ስለሆነ፣ ዳኛው ደንቡን ከባለሙያ መስማት ይኖርበታል።

በእርስዎ ጉዳይ ክርክሩ በሰዓታት ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ በጀሶ ውስጥ ሲያብጥ ግፊቱ የጡንቻውን የደም ዝውውር ሊያፍን ይችላል፤ በማስታገሻ የማይበርድ፣ ጣት ሲዘረጋ የሚብስ ሕመም ቀዳሚ ምልክቱ ነው፤ ጡንቻው ለ6 ሰዓት ያህል ደም ካጣ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ተከሳሹ «እብጠቱ የመጣው ከስብራቱ ነው» ማለቱ ስለማይቀር፣ ባለሙያው ሊጠየቅ የሚገባው የእብጠቱን ምንጭ ብቻ ሳይሆን፣ ጀሶው በስንት ሰዓት ቢፈታ እጁ ይተርፍ እንደነበረ ጭምር ነው። ይህን የሚመልሰው የነርሶቹ የሌሊት መከታተያ ቅጽ ነው፦ ማስታገሻው መቼ ተሰጠ፣ የጣቶቹ ቀለምና እንቅስቃሴ ታይቷል ወይ፣ ተረኛ ሐኪም ተጠርቷል ወይ? እኔ ከአንደበተ ርቱዕ ምስክር ይልቅ ይህን ቅጽ እመርጣለሁ።

ሐኪሙ የነገራችሁን እናንተ ብትደግሙት ክብደቱ አነስተኛ ነው። በመጥሪያ ማስቀረብ ይቻላል፤ ሳይወድ የመጣ ምስክር ግን ቃሉን ይቆጥባል፣ በሙያ ባልደረባ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው የአጥንት ስፔሻሊስት አስተያየት እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ።

ከውል ውጭ ኃላፊነት (ውል ባይኖርም ለደረሰ ጉዳት የሚመጣ ተጠያቂነት) የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። ጉዳዩ ከውል የመነጨ ነው በማለት ረዘም ያለ ጊዜ መከራከር ቢቻልም፣ በዚያ ተማምነው አይዘግዩ። በቅድሚያ የሕክምና ካርዱን፣ የሌሊቱን ቅጽና የራጅ ፊልሞቹን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቀው፣ ማመልከቻውን የተቀበሉበትን ማኅተም በራስዎ ቅጂ ላይ ያስመቱ፤ ከከለከሉዎት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ ማመልከት ይችላሉ።