«በዚህ ዕድሜ ቢላ አይንካቸው» ለተባልከው ወንድሜ

የ88 ዓመት አያትህ ወድቀው ዳሌያቸው እንደተሰበረ ጽፈሃል። ዘመድ ደግሞ «ኦፕራሲዮኑ ይገድላቸዋል፣ ዘጌ ይመለሱና ወጌሻ ይያቸው» እያለ አስጨንቆሃል። እኔ የ91 ዓመት እናቴን እዚሁ ባሕር ዳር አስታምሜያለሁ። እባክህ በጀልባ ጭነህ አትመልሳቸው።

1. ቀን አይባክን። በዚህ ዕድሜ ተኝቶ መዋል ክፉ ነው። ሳንባ ምች ይመጣል፣ ጀርባ ይቆስላል፣ እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሐኪሞች ኦፕራሲዮኑ ከተቻለ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሠራ የሚሉት ለዚህ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አባት ቤት ቀሩ። ወጌሻው ዳሌያቸውን ሲያሽ ጩኸታቸው እኛ ግቢ ይሰማ ነበር። ወሩ ሳይሞላ አረፉ።

2. ቀጠሮ ሲያራዝሙባችሁ ዝም አትበል። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። እናቴ ከሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ እንዳትቀምስ ተባለ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። ከሰዓት በኋላ አንዱ መጥቶ «ዛሬ አልደረሳትም» ብሎን ሄደ። በማግስቱም ያው። ለምን ብዬ ስጠይቅ መዝገብ የያዘችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «እማማ ጠግበው ኖረዋል፣ ወጣቶቹ ይቅደሙ» አለችኝ። የእናቴ ጆሮ ደህና ነው፤ ሰምታለች። ቀጥ ብዬ አጥንት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ለካ ደም ማነስ ስላለባት ደም እየተጠበቀ ነው! ማን ነገረን? ወንድሞቼ ያኔውኑ ሄደው ሰጡ። አንተም «የቀረው ምንድን ነው? ደም? አጥንቱ ላይ የሚገባው ብረት? የልብ ምርመራ?» ብለህ ፊት ለፊት ጠይቅ። ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያም ስለ ውሃ ጠይቀው፤ ንጹህ ውሃ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል።

3. መቀባዠር ከጀመሩ «እርጅና ነው» የሚልህን አትስማ። እናቴ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማታ ማታ በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። ጣቶቿ አንሶላው ላይ እንዝርት ያሾራሉ። ተረኛዋ «ይተዋታል» አለች። ሐኪም እስኪያያት ከኮሪደሩ ንቅንቅ አላልኩም። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላትና እየዋለ እያደረ ስሜን ጠራችኝ። ድንገተኛ መቃዠት ትልቅ የአደጋ ምልክት ነው። ሕመም፣ የውሃ እጥረት፣ ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ስለሚችል ይመርመሩልህ።

ቁጥሩን አልደብቅህም። ዳሌያቸው ከተሰበረ 100 አረጋውያን ከ20 እስከ 30 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያርፋሉ፤ ከ90 በላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ፣ የመርሳት ሕመም ያለበት፣ የከሳ፣ ከመውደቁ በፊትም መራመድ ያቃተው ሰው የበለጠ ያሰጋል። ወንዶችም ከሴቶች ይልቅ ይጎዳሉ። ለዚህ ነው ደሙ፣ ምግቡና ቀኑ ላይ አጥብቄ የምነዘንዝህ፤ በእጃችን ያለው እሱ ነው።

ምግብ ካልኩ፣ አያትህ «ጾም ነው» ብለው እንቁላልና ወተት እምቢ እንደሚሉህ አውቃለሁ። የእናቴን የንስሐ አባት አልጋዋ ድረስ አምጥቼ አስፈቀድኩላት። ከዚያ በኋላ የቀረሶ ዓሣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት በትንሽ በትንሹ።

ሐኪሙ ከፈቀደ ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምራችሁ አስቀምጧቸው፣ አቁሟቸው። ማስታገሻ ቀድሞ ይሰጣቸው እንጂ እያመማቸው አይሆንም። እኛ እናቴን ደግፈን ስናነሳት አክስቶቼ «ልትገድሏት ነው» ብለው አለቀሱ። ዛሬ በምርኩዝ ደጅ ትወጣለች፣ ቡናዋን ራሷ ትቆላለች። እኔ ነኝ ያስነሳኋት ብል አላፍርም።

አሁኑኑ ተረኛ ሐኪሙን ፈልግና ቀኑን ጠይቀው። ደም ካሏችሁ ስንት ከረጢት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ከወንድሞቼ ጋር መጥተን እንሰጣለን።