የባትሪው ማዕድን ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ። ያበጠ ባትሪ ሳወጣ ስለ ኮባልት (ብዙ ባትሪ ውስጥ ስለሚገባው ብረት) ማውራት ስለማበዛ ደንበኞቼም ጥያቄ ያበዛሉ። ደጋግመው የጠየቁኝን እነሆ።

ኮባልት የሚወጣው የት ነው?
ከዓለም ምርት 70 በመቶ ገደማው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው፤ በተለይ ከኮልዌዚ አካባቢ። አብዛኛው በማሽን ይወጣል። የተወሰነው ግን በሰው እጅ ነው የሚቆፈረው።

በእጅ ሲባል እንዴት?
በዲጂኖ፣ በመዶሻና በአካፋ። ሰውየው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ግድግዳውን የሚደግፍ እንጨት እንኳ የለም። አፈሩ ከተናደ አለቀ። በሰኔ 2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኮልዌዚ አጠገብ በደረሰ መደርመስ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አቧራው ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። ሴቶችና ልጆች ድንጋዩን ይለቅማሉ፣ ወንዝ ወርደው ያጥባሉ። ዩኒሴፍ በ2014 በደቡብ ኮንጎ ማዕድን ላይ የሚሠሩ ሕፃናትን 40,000 ያህል ብሎ ገምቷል። ቁጥሩን ሳስብ የሚታየኝ በማዳበሪያ ከረጢት ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ ነው።

ገንዘቡስ?
ሚዛኑ የገዢው ነው። የድንጋዩን ጥራት የሚናገረውም ገዢው ነው። ቆፋሪው የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ሚዛን የተቀሸበበት ሰው ምሬቱን ያውቀዋል።

ስልክና መኪና የሚሠሩት ካምፓኒዎች አያውቁም?
የገዢዎች መጋዘን ውስጥ የሁሉም ድንጋይ ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። ግን የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ በ2016 በዝርዝር አውጥቶታል፤ አልሰማንም ማለት አይቻልም። በ2019 ማዕድን ላይ ሲሠሩ የሞቱና የተጎዱ ልጆች ቤተሰቦች አፕልን፣ ቴስላንና ሌሎችን አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። እኔን ያሳዝነኛል።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፤ ኮባልት አለው? (የራይድ ሹፌር ነው)
ወንድሜ፣ ሻጩን የባትሪውን ዓይነት ጠይቀው። ኤልኤፍፒ (LFP) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኮባልትም ኒኬልም የለውም። ሊቲየምና ግራፋይት ግን አለው።

መግዛት እናቁም?
የለም። ጉድጓዱ የእንጀራቸው ምንጭ ነው፤ ብንተወው የሚራቡት እነሱ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው የተደገፈ ጉድጓድ፣ የታመነ ሚዛንና ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ነው።

እኛስ ሊቲየም አለን ይባላል?
አለን፤ ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ። ማን ይቆፍራል፣ በምን ሁኔታ፣ የአካባቢው ሰው ምን ያገኛል የሚለውን አሁኑኑ እንጠይቅ።

ስልኬ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፤ አዲስ ልግዛ?
እህቴ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ብቻ ቀይሪ። አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪ፣ አትውጊውም፤ እሳት ያስነሳል። ስልኩን ይዘሽ ነዪ፣ ከፍተን እናየዋለን።