የዱባዬ ፍሬ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር በመስኖ ዱባ ተክያለሁ። አበባው የጉድ ነው፤ ፍሬው ግን አውራ ጣት ሲያክል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ጎረቤቴ «ዩሪያ ጨምሪበት» ትለኛለች። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ስላለበት በየሳምንቱ ጠዋት ጠዋት ማላታይን የተባለውን የተባይ መድኃኒት እረጫለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዩሪያውን ይተዉት፤ ሲበዛ ሐረግና ቅጠል ያፋፋል እንጂ ፍሬ አያስይዝም። እኛን ያሳሰበን የጠዋቱ ርጭት ነው።

የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው። ወንዴው በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። የሚረግፍብዎት ያቺ ናት፤ ገና አልፀነሰችም። የወንዴው ብናኝ (ሴቴዋን የሚያፀንሰው ቢጫ ዱቄት) ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ ደጋግማ መመላለስ አለባት። አበባው ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ረፋዱ ላይ ይከደናል። ማላታይኑ የሚያርፈው ልክ በዚያ ሰዓት፣ ንቧ ሥራ ላይ ሳለች ነው፤ እሷንም ይገድላታል። ጫፉ የቀጠነ ጎባጣ ዱባ ካዩም ብናኙ በቂ አልነበረም ማለት ነው። (መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ሁሉ ወንዴ ቢሆኑ ግን አይደንግጡ፤ ጠባዩ ነው።)

ንቦቹ እስኪመለሱ በእጅ ያዳቅሉት። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ በዚያው ዕለት የተከፈተ ወንዴ አበባ ቀጥፈው ቢጫ ቅጠሎቹን ይገንጥሉ። መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄታም ዘንግ በሴቴዋ መሐል ባሉት ጉብታዎች ሁሉ ላይ ያሻሹ፤ አንድ ጎን ብቻ ከተነካ ፍሬው ይጎብጣል። አንዱ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። የትናንት አበባ ወይም ዝናብ ያረጠበው ብናኝ አይረባም።

ለክሽክሹ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ሲመሽ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ። የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከ5 ቀን በኋላ ይድገሙት። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል። ማላታይን የግድ ካስፈለገ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቀፎ ላለው ጎረቤትም በዋዜማው ይንገሩት። የማሳውን ዳርም ጥቂት ሳይቆፍሩ ይተዉት፤ ጣዝማና ሌሎች ብዙ የዱር ንቦች ጎጇቸው መሬት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ዙሪያ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ነው የምዘራው። ንብ ባይኖር ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፦ በጤፍና በስንዴ ምንም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ባቄላ በከፊል ራሱን ይችላል፤ ንብ ሲጎበኘው ግን የተሻለ ያፈራል፤ ስለዚህ አበባ ላይ ሳለ ቀን አይርጩት። ኑግ ለመዝራት ካሰቡ ነገሩ ሌላ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ አይፀነስም፤ ንብ ከሌለ የሚያጭዱት ገለባ ነው።