ክዳኑን በጋለ ምስማር መብሳት አይበቃም፤ መስኮት ቁረጪለት

እህቴ፣ ለልጅሽ ከአዲስ አበባ ሁለት ሃምስተር (አይጥ የምትመስለው ትንሿ የቤት እንስሳ) መጥቶለት፣ ባለ 50 ሊትር ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዘሽ «ክዳኑን በጋለ ምስማር ብበሳሳው ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። ሳጥኑ ይጠባል፣ ቀዳዳው አያስተነፍስም፣ ሁለቱም አብረው አይኖሩም። ከኋለኛው ልጀምር፦ ትልቁ ዓይነት፣ ሶሪያዊ የሚባለው፣ ካደገ በኋላ ብቻውን የሚኖር ፍጥረት ነው። ሌሊት ይናከሱና ጠዋት አንዱን ሞቶ ታገኚዋለሽ። ድንክዬዎቹም ቢሆኑ ለየብቻ ቢሆኑ ይሻላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በሁለት አባዢው።

1. ሳጥኑ። ጅማ ሂርማታ መርካቶ ገበያ ስትገዢ መጀመሪያ ገልብጪውና ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዪ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። 6 ከሆነ ፖሊስታይሪን ነው፤ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ዓይን ይስባል፣ መብሻ ሲነካው ግን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ቢልሽ ቁጥሩን እመኚ። ስትለኪም አፉን ሳይሆን ወለሉን ለኪ፤ እነዚህ ሳጥኖች ወደታች ስለሚጠቡ ከላይ ያየሽው ርዝመት ከታች የለም። የሚፈለገው ወለል 100 በ50 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 50 ነው። ሁለት ትንንሽ ሳጥን በቱቦ ማገናኘት ይህን አይተካም። የሚያክለው ከጠፋ ፕላስቲኩን ትተሽ አናጺ ጋ ሂጂ፤ ጅማ ላይ አናጺ አይታጣም።

2. መስኮቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በምስማር የተበሳ 50 ቀዳዳ ሲደመር የአንድ መዳፍ ስፋት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን የማይደርቅበት አገር ነው። ሽንቱና ትንፋሹ ሳጥኑ ውስጥ ታፍኖ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሥሩ ይሻግታል፣ ከሽንቱ የሚነሳው የአሞኒያ ጋዝ ሳንባውን ያቃጥለዋል። ማስነጠስ ሲጀምር «ብርድ መታው» ብለው ሳጥኑን በጨርቅ የሚሸፍኑ አሉ፤ ያኔ የባሰ ይታፈናል።

ስለዚህ ከክዳኑ ዙሪያውን 5 ሳ.ሜ. አስቀርተሽ መሃሉን በሙሉ አውጪው። ረጅሙ ጎን ላይ ደግሞ 30 በ15 ሳ.ሜ. መስኮት ቁረጪ፤ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 27 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፣ አለዚያ ሰጋቱራው በመስኮቱ ይፈስሳል። አየር በጎን ገብቶ በላይ ሲወጣ ነው ሥራው የተሠራው። ከመቁረጥሽ በፊት አራቱን ማዕዘን በ8 ሚ.ሜ. መብሻ ብሺ፤ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሹል ማዕዘን ነው የሚነሳው፣ ክብ ቀዳዳ ያስቆመዋል። ስትበሺ ከሥሩ ጣውላ አድርጊ፣ አትጫኚው። ከዚያ በካተር በማስመሪያ ላይ ደጋግመሽ ቁረጪ። በጠዋት ብርድ ፕላስቲክ ስለሚደርቅ ትንሽ ፀሐይ ላይ አውጪው። ቢላ አግዬ ልቁረጥ ካልሽ ውጭ ይሁን፤ ጭሱ ለቤት አይሆንም።

ሽቦው የዶሮ ሽቦ እንዳይሆን። እሱ ይጣመማል፣ ዓይኑም ሰፊ ነው፤ የሃምስተር ጭንቅላት ካለፈ ገላው ይከተላል። የተበየደ ወንፊት ሽቦ ጠይቂ፣ ዓይኑ ለትልቁ 12፣ ለድንክዬው 6 ሚ.ሜ.። ግማሽ ሜትር አልቆርጥም የሚል ባለ ሱቅ አይጠፋም፤ ለሁለቱም ሳጥን ክዳንና ጎን የሚበቃውን ለክተሽ አንድ ላይ ግዢ። ሽቦውን ከውስጥ በኩል ነው የምታስሪው፣ ከመስኮቱ በየጎኑ 3 ሳ.ሜ. አስበልጠሽ። ለስላሳ ግድግዳ ላይ ጥርሱ መያዣ አያገኝም፤ የተቆረጠ ጠርዝ ካገኘ ግን በሁለት ሌሊት በር ይሠራል።

ማሰሪያውስ? የፕላስቲኩ ማሰሪያ ይታኘካል። 4 ሚ.ሜ. ብሎን፣ ርዝመቱ 15 ሚ.ሜ.፣ በየ8 ሳንቲሙ አንድ፤ ለጎኑ መስኮት 14 ያህል ይፈልጋል። የብሎኑ ራስ ወደ ውስጥ፣ ዳዶው ወደ ውጭ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ሁሉን ታበላሻለች፦ ተራው የ4 ሚ.ሜ. ሮንዴላ ስፋቱ 9 ሚ.ሜ. ስለሆነ በ12ቱ ዓይን ሾልኮ ያልፋል፣ ሽቦውም ይለቃል። 20 ሚ.ሜ. የሚሆነውን ሰፊ ሮንዴላ ጠይቂ። አዲሱን ሽቦ በአቼቶ ፈትገሽ እጠቢው፤ ላዩ ላይ ልል ዚንክ ይኖራል።

3 ብዬ ሰጋቱራውን ለብቻው ልዘርዝር ነበር፣ ግን ከመስኮቱ አይለይም፤ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። 20 ሳ.ሜ. ውፍረት ይፈልጋል፣ በዚያ ወለል ላይ 100 ሊትር ማለት ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚተኛው። ጅማ ላይ በነጻ የሚገኘው የጀንፈል ገለባ ያጓጓል፤ አታድርጊው። ካፌይን አለበት፣ ሻጋታም ይወዳል። የጥድና የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ሽታው ራሱ ሕመም ነው፤ ቫርኒሽ የነካውንና የኤምዲኤፍ ብናኝንም ተዪ። ዋንዛ ከሚላግበት ቤት የመላጊያውን ልጣጭ ለምኚ፣ ብናኙን በወንፊት ንፊ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ፤ ጉድጓዱ እንዳይናድ ንጹሕ የጤፍ ጭድ ቀላቅይበት።

ለውሃ የቡና ሲኒ ይበቃል። የሚሮጥበት ተሽከርካሪ መሮጫ ስፋቱ ለትልቁ ከ28 ሳ.ሜ. አይነስ፦ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ የፕላስቲክ ሳህን፣ መሃሉ ላይ የተለጠፈ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ 22 ሚ.ሜ. ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ 608 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ። የ8 ሚ.ሜ. ብሎን ልክ ይገባለታል። ኩሽኔታ ከሌለው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድርብሻል።

ሳጥኑን የቤቱ መስኮት ሥር አታስቀምጪ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ይቀቅለዋል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ለጉንዳን የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ። «አይጥ አሳዳጊ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ ቻዪው።

ከማስገባትሽ በፊት አንድ ሲኒ የፈላ ውሃ ውስጡ አስቀምጠሽ ክዳኑን ዝጊ፤ ጤዛው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ መስኮቱን አስፊው። ከዚያ ትንሽ ጥጥ በሽቦው ጠርዝ ሁሉ ላይ አሳልፊ። ጥጡን የያዘ ቦታ እግሩንም ይይዘዋልና በፒንሳ ወደ ውጭ አጥፊው።