ለጌኮው መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት ኩሱን አስመርምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። የልጅሽ ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው ትንሽ እንሽላሊት ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፌንጣ አልበላ ብሏል፣ ጭራው ቀጥኗል፣ ኩሱ ውሃ ውሃ ሆኖ ይሸታል። አንድ ሰው ደግሞ የውሻ የትል መድኃኒት ስጪው ብሎሻል። ትል መሆኑን በምን ልወቅ፣ መድኃኒቱንስ ልስጠው ወይ ነው ያልሽው። አጭሩ መልስ፦ ቆይ፣ እንዳትሰጪው። ረጅሙ ይኸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ በልጆቼ ጭቅጭቅ ተሸንፌ ቤቴ እንሽላሊት ያስገባሁ አባት ነኝ። ሁለት ነበሩን። የመጀመሪያው ነጠብጣቡ የገብስ ቆሎ ስለሚመስል ቆሎ ተባለ። ሁለተኛዋ ብርቱካናማ ስለሆነች ሽሮ። ሁለቱም ታመዋል። ቆሎ ዛሬም አለ፣ ሽሮ ግን የለችም።

ቆሎ መታመሙን መጀመሪያ ያወቁት አማቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «አውሬ ካለበት ክፍል አልገባም» ብለው አስቸግረውን፣ በሁለተኛው ሳምንት ማንም ሳያያቸው እየሄዱ ያዩት ጀመር። አንድ ቀን ቡና ላይ «ይሄ ፍጥረት ኮሶ አለበት» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጭራውን እዩት» አሉ።

እውነትም ጭራው ሄዷል። የሌፐርድ ጌኮ ጭራ እንደ ግመል ሻኛ ነው፣ ስቡን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ጤነኛ ሲሆን ጭራው ወፍራምና ድቡልቡል ይሆናል። ቀስ በቀስ ሲቀጥን ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው አይታወቀውም። እኔም አልታወቀኝም። የኩሽናውን ሚዛን አውጥቼ በፕላስቲክ ሳህን መዘንኩት፣ 54 ግራም። ከሁለት ወር በፊት ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ መዝና ደብተሯ ላይ 62 ብላ ጽፋ ነበር። 8 ግራም ምንም አይመስልም። ለሱ ግን ከስምንት እጅ አንዱ ነው፣ 80 ኪሎ ሰው 10 ኪሎ ሲከሳ እንደማለት።

አማቴ ከዚያ ወደ ቦርሳቸው ገቡና ፍላጅል ይዘው ወጡ። የኛ ሰው ያለ ፍላጅል መንገድ አይወጣም መቼም። «ትንሽ ቆርሰህ በውሃ በጥብጠህ ስጠው» አሉኝ። አሁን የሚገርመኝ፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የፍላጅል መድኃኒት፣ ሜትሮኒዳዞል፣ እንሽላሊት ሆድ ውስጥ ለሚገኙ አንዳንድ ባለጅራፍ ተህዋስያን ሐኪሞችም ያዙታል። ግን ሒሳቡን እዪው። 60 ኪሎ ሰው ከ50 ግራም ጌኮ 1,200 ጊዜ ይከብዳል። ያቺን ክኒን በቢላ በስንት ልትቆርሻት ነው? ሲበዛ ደግሞ ነርቭ ይመታል፣ እንስሳው ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል። ትል ከሆነ ደግሞ ፍላጅል ምንም አያደርግለትም።

ያንቺም የውሻ መድኃኒት ነገር ያው ነው። ምን እንዳለበት ዕቃው ላይ አንብቢ። ፌንቤንዳዞል ከሆነ ለጌኮም የሚታዘዝ ነው፣ ግን 10 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አለው። ለቆሎ የታዘዘለት ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነበር። ሐኪሟ አቅጥና በቀጭን ሲሪንጅ ሞልታ ሰጠችኝ እንጂ እኔ ቤት ልለካው የምችለው አልነበረም። አይቨርሜክቲን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። ኤሊን የሚገድል መድኃኒት ነው፣ ለእንሽላሊትም ያለ ሐኪም አይሞከርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኩስ። ክሊኒክ ስደውል «ትኩስ ናሙና ይዘህ ና» አሉኝ። አማቴ «በክብሪት ቀፎ አድርገህ ውሰዳ» ሲሉ ባለቤቴ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። ሰገራ በክብሪት ቀፎ ይዞ ጤና ጣቢያ የተሰለፈ ያውቀዋል። እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፦ ወለሉ ላይ ያለውን አሸዋ ወይም ምንጣፍ አውጥተሽ ነጭ ፔፐር ታወል አንጥፊ። ጠዋት ኩሱን ስታገኚ ሳይደርቅ በትንሽ ላስቲክ አሽጊውና በዚያው ቀን አድርሺ። ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ፍሪዘር ግን አይሆንም። እኔ ከበርበሬው ማሰሮ አጠገብ አስቀምጬ ሳምንት ሙሉ ተወቅሼበታለሁ።

ፔፐር ታወሉ ሌላም ጥቅም አለው፣ ኩሱን በደንብ ያሳይሻል። ጤነኛ ኩስ ጠቆር ያለ ቡናማና ቅርጽ ያለው ነው፣ አጠገቡ ነጭ ኖራ የመሰለ ነገር ይኖራል። ነጩ ሽንቱ ነው፣ እንዳትደነግጪ። የሚያሳስበው ውሃ የሆነ፣ ንፍጥ ወይም ደም ያለው፣ ከሩቅ የሚሸት፣ ወይም ፌንጣው ሳይፈጭ እግሩ ከነቅርጹ የሚታይበት ነው።

ቆሎ ላይ የተገኘው ፒንዎርም የሚባል ትንሽ የአንጀት ትል ነው። ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ እንቁላሎቹን አሳየችኝ። ጥቂት ፒንዎርም ብዙ የቤት ጌኮዎች ላይ አለ፣ ሁልጊዜም አይታከም አለችኝ። የኔው ግን በዝቶ ነበር። ለምን በዛ? የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ትል አልነበረም። «ሞቃቱ ጎን ስንት ዲግሪ ነው?» አለችኝ። እኔ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቴርሞሜትር አምኜ 90 ፋረንሃይት አልኳት። ቤት ሄጄ ወለሉን ስለካው 78። ማሞቂያው ከተበላሸ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ። ይሄ እንስሳ አገሩ የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ድንጋያማ ደረቅ ምድር ነው። ሲበርደው ምግብ አይፈጭም፣ በሽታም አይቋቋምም፣ ትሉ ያኔ ይነግሣል። ያንቺም ጌኮ አልበላም ያለው በብርድ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሞቃቱ ጎን ባለው መደበቂያ ውስጥ ወለሉን ለኪ፣ 90 አካባቢ፣ በሴልሺየስ 32 መሆን አለበት።

ሕክምናው ቀላል ነበር። አንዴ በአፉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ፣ ከዚያ ኩሱ እንደገና ታየ። የሚያደክመው ጽዳቱ ነው። የፒንዎርም እንቁላል በኩስ ይወጣና ጌኮው ወለሉን ሲልስ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ኩስ በወጣ ቁጥር ማንሳት፣ ፔፐር ታወል በየቀኑ መቀየር፣ መደበቂያውን በፈላ ውሃ ማጠብ። ይሄን ካልሠራሽ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። በሁለት ወሩ 61 ግራም ገባ። ለሐኪምና ለምርመራ ያወጣሁትን ስነግራቸው አማቴ «በዚህ ገንዘብ እኮ በግ ይገዛ ነበር» ብለው ዝም አሉ።

አሁን ወደ ሽሮ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔው ነው። ከተሳቢ እንስሳት ባዛር ገዛኋትና በዚያው ቀን ከቆሎ ጎን አስቀመጥኳት። በአንድ መቆንጠጫ ሁለቱንም አበላሁ። እሷ ያልበላችውን ፌንጣ አንስቼ ለሱ እሰጥ ነበር፣ እንዳይባክን ብዬ። ፌንጣ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ኩስም ጭምር። እሷ ሳጥን ውስጥ ያለውን በሽታ በእጄ ላሸክመው ነበር ማለት ነው።

ሽሮ መጀመሪያ በደንብ ትበላ ነበር። እየበላች ከሳች። በኋላ የበላችውን ማስታወክ ጀመረች። ኩሷን አስመረመርኩ፣ «ምንም የለም» ተባለ። ደስ ብሎኝ ሦስት ሳምንት አጠፋሁ። ሐኪሟ በሁለተኛው ጉብኝት የተህዋስያንን ዘረመል የሚፈልገውን፣ ፒ ሲ አር የሚባለውን ምርመራ አዘዘች፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ ባጭሩ ክሪፕቶ፣ የሚባል በዓይን የማይታይ የሆድ ጥገኛ ተህዋስ ተገኘ። በተለመደው ምርመራ በቀላሉ ያመልጣል፣ እንስሳውም ሁልጊዜ በኩሱ አያወጣውም። ስለዚህ አንድ «የለም» ዋስትና አይሆንም።

ለዚህ ጌኮን የሚያድን አስተማማኝ መድኃኒት የለም። ፓሮሞማይሲን ሰጠናት። 2 ግራም ጨመረች፣ ልጆቼ ጨፈሩ። ከዚያ እንደገና ወረደ። በ38 ግራም የመጣች 24 ስትገባ ጭራዋ ክብሪት እንጨት መስሎ ነበር። ሐኪሟ በመርፌ አስተኛቻት። ትልቋ ልጄ እስከ መጨረሻው አብራት ነበረች፣ ውጪ ትቆይ ስል እምቢ አለች።

በረኪና ክሪፕቶን አይገድለውም። የእንፋሎት ሙቀትና ማድረቅ ይሻላል፣ እንጨትና ቡሽ የሆነውን ሁሉ ግን ጣልኩት። ቆሎን በተለያየ ጊዜ ሦስቴ አስመረመርኩት፣ የለበትም። ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄዬ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የገባ እንስሳ የለም፣ ቢገባ ግን ሌላ ክፍል ሦስት ወር ይቀመጣል፣ መቆንጠጫውም ለብቻው።

የውጪ ተባይም አለ። ዓይኑ ዙሪያ፣ ጆሮው ቀዳዳና ብብቱ ስር ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ የሚንቀሳቀስ ካየሽ እሱ ነው። የበረሮ ፍሊት እንዳትነፊበት፣ ጌኮውን ነው የምትገድይው።

ስለ ልጅሽ ደግሞ፣ የጌኮው ትል ወደሱ ይተላለፋል ብለሽ አትጨነቂ። የሚያሰጋው ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው፣ ጤነኛ የሚመስል ጌኮም ይሸከመዋል። በነካው ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሳጥኑን ሰሃን በምታጥቢበት ሲንክ አትጠቢ። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ ባይነካው ይሻላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መዝኚው፣ ወለሉን ለኪ፣ ፔፐር ታወል አንጥፊ። ነገ ክሊኒክ ስትደውዪ መጀመሪያ «እንሽላሊት ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው ብሎ ከበር መልሶኛል። የተሳቢና የእንቁራሪት አስተኔ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ አራቭ የሚባለው፣ ድረ ገጹ ላይ በየአካባቢው ያሉ ሐኪሞችን ዝርዝር አውጥቷል። ኩሱን ስትሰጪ ፒ ሲ አርም እንደሚሠሩ ጠይቂ፣ በተለይ ከባዛር የተገዛ ከሆነ። ከየት እንደገዛችሁት አልነገርሽንም፣ እሱንና የዛሬውን ግራም ጻፊልኝ።